የመኪናን የኋላ መብራት በቤት ውስጥ ማሻሻል፦ ለአዳማ መንገዶች የሚሆን መመሪያ

የመኪና የኋላ መብራት ከሌሎቹ መብራቶች የሚለየው ባለቤቱ እያሽከረከረ ፈጽሞ የማያየው በመሆኑ ነው። የፊት መብራት ሲደክም መንገዱ ስለሚጨልም አሽከርካሪው ወዲያው ያውቀዋል፤ የኋላው ሲደክም ግን የሚያውቀው ከኋላ የሚከተለው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ የሚያውቀው ፍሬን ለመያዝ ከዘገየ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ መብራት ላይ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ የሚመዘነው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲታይ በማማሩ ሳይሆን፣ ሠላሳ ወይም ሃምሳ ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ለሚከተል አሽከርካሪ መኪናው ሊቆም፣ ሊታጠፍ ወይም መንገዱን ሊቀጥል መሆኑን ከበፊቱ በተሻለ ግልጽነት በመንገሩ ነው።

በአዳማ ይህ ጉዳይ ክብደት አለው። ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሀል አገር የሚገባው ተሳቢ፣ ወደ አሰላ የሚወጣው አይሱዙ፣ ወደ ወንጂና ወደ ሶደሬ የሚመላለሰው ሚኒባስ፣ በመንገድ ጠርዝ ተሳፋሪ የሚያነሣው ባጃጅና መብራት የሌለው ጋሪ አመሻሽ ላይ በአንድ አስፋልት ይገናኛሉ። ወደ አዲስ አበባ የፍጥነት መንገዱን የያዘ ሰው ደግሞ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። በበጋው ወራት የሚነፍሰው የስምጥ ሸለቆ ነፋስ አቧራውን በተቀደደ የጎማ ማሸጊያ በኩል ወደ መብራቱ ውስጥ ያስገባል፤ የቀትሩ ፀሐይ በበኩሉ ደካማ የፍሬን መብራት (ስቶፕ) በርቶ ይሁን ጠፍቶ እንዳይለይ ያደርጋል።

ከዚህ በታች የሚብራሩት ሥራዎች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ነባሩን መብራት ወደ ሙሉ ጉልበቱ መመለስ፣ አምፖሎቹን የሚግል ክር በሌለው የኤልኢዲ መብራት መተካትና ሦስተኛ የፍሬን መብራት መጨመር ናቸው። ሦስቱም 12 ቮልት በሚጠቀሙ የቤት መኪኖች፣ በተለይ በከተማችን በብዛት በሚታዩት የቆዩ የቶዮታ ሥሪቶች ላይ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው በቤቱ ሊያከናውናቸው የሚችላቸው ናቸው። የጭነት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ 24 ቮልት ስለሚጠቀሙ አካሄዱ ቢመሳሰልም ዕቃው የተለየ ነው፤ የ12 ቮልት አምፖል በእነርሱ ላይ ወዲያው ይቃጠላል።

በመጀመሪያ ያለውን ማወቅ

በአንድ የኋላ መብራት ውስጥ ብዙውን ጊዜ አራት ሥራዎች ተጣምረው ይገኛሉ፦ ምሽት ላይ መኪናው መኖሩን የሚያሳየው ፓርኪንግ፣ ፍሬን ሲረገጥ የሚበራው ስቶፕ፣ የመታጠፊያ ምልክት የሚሰጠው ፍሬቻና ወደ ኋላ ሲኬድ የሚበራው ነጭ መብራት። በአብዛኛው ዓለም የተለመደው ሥርዓት ፓርኪንግና ስቶፕ ቀይ፣ ፍሬቻ ብርቱካናማ፣ የኋላ ማርሽ መብራት ነጭ እንዲሆኑ ነው። በአሜሪካ ቀይ የኋላ ፍሬቻ ስለሚፈቀድ ከዚያ የመጡ አንዳንድ መኪኖች ፍሬቻቸውና ስቶፓቸው አንድ አምፖል ይጋራሉ፤ ይህ ነገር ሦስተኛውን መብራት ስናገናኝ ችግር ስለሚፈጥር ከወዲሁ ልብ ሊባል ይገባዋል።

የቆዩ መኪኖች ፓርኪንግና ስቶፕን በአንድ አምፖል ውስጥ በሚገኙ ሁለት ክሮች ያበራሉ። በአምፖሉ የብረት እግር ላይ 12 ቮልት 21/5 ዋት የሚል ጽሑፍ ከተገኘ ባለ 5 ዋቱ ክር ለፓርኪንግ፣ ባለ 21 ዋቱ ለስቶፕ ነው። በዚህ አምፖል ጎንና ጎን ያሉት ሁለት ጉጦች ከፍታቸው የተለያየ የሆነው ሰው ገልብጦ እንዳያስገባውና ፓርኪንጉ እንደ ስቶፕ፣ ስቶፑ እንደ ፓርኪንግ እንዳይበራ ታስቦ ነው። በጉልበት ገልብጠው ያስገቡት አምፖል ያለበት መኪና ማታ ሲያዩት ፍሬን የያዘ ይመስላል፤ በእውነት ፍሬን ሲይዝ ግን ለውጡ አይታይም። በአዳዲሶቹ የጃፓን መኪኖች ላይ የብረት እግር የሌለው፣ በብርጭቆ እግሩ ተገፍቶ የሚገባ ቲ20 የተባለ አምፖል ይገኛል። የታርጋ መብራቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቲ10 የሚባለው ባለ 5 ዋት ትንሽ አምፖል ነው።

የእነዚህ ክሮች ልዩነት ትርጉም አለው። ዓለም አቀፉ የመብራት ደንብ ስቶፕ ከፓርኪንጉ ጋር ሲበራ ብርሃኑ ፓርኪንጉ ብቻውን ከሚሰጠው ቢያንስ አምስት እጥፍ እንዲሆን የሚጠይቀው፣ የተከታዩ ዓይን ሁለቱን የሚለየው በብርሃን ልክ ብቻ ስለሆነ ነው። ማንኛውም ማሻሻያ ይህን ልዩነት የሚያጠብ ከሆነ መብራቱ የቱንም ያህል ቢደምቅ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

መፍታትና ማሳውን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ) ማደስ

ለሥራው ባለ 10 ቁልፍ ከነማራዘሚያው፣ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቮልት የሚለካ ቴስተር፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ ስታኞና መበየጃው፣ በሙቀት የሚኮማተር የሽቦ ማልበሻ ቱቦና ናስትሮ ይበቃሉ። ቁልፉን አጥፍተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ከፈቱ በኋላ የኋላ ኮፈኑን ይክፈቱና የጎኑን የውስጥ ልባስ በቀስታ ያንሡ። ልባሱን የሚይዙት የፕላስቲክ መቆለፊያዎች በዓመታት ሙቀት ስለሚደርቁ በእጅ ከሚጎተቱ ይልቅ መሀላቸው በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ተብሎ ቢነሣ ይሻላል። ከጀርባ የሚታዩትን ዳዶዎች ፈትተው መብራቱን ወደ ኋላ ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ወደ ጎን የተጠመዘዘ መብራት በመኪናው አካል ውስጥ የሚሰካው የፕላስቲክ ጉጡ ይሰበራል። ከመንቀልዎ በፊት የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ።

አብዛኛው ሰው ደካማ የኋላ መብራት ሲያይ የሚያስበው ስለ አምፖል ነው። በእኔ እምነት ግን በቆዩ መኪኖች ላይ ለድክመቱ የሚበዛው ምክንያት አምፖሉ ሳይሆን ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው አካል የሚመለስበት መስመር፣ መካኒኮቻችን ማሳ የሚሉት፣ ነው። ይህ መስመር ሲዝግ የሚታየው ምልክት እንግዳ ስለሆነ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለአግባብ ያወጣበታል። ፓርኪንግ በርቶ ሳለ ፍሬን ሲረገጥ ስቶፑ ይበልጥ ከመድመቅ ይልቅ ይደበዝዛል፤ ፍሬቻው ሲሠራ ፓርኪንጉ አብሮት ይርገበገባል፤ ፍሬን ሲያዝ መብራት የለበትም በተባለው የፍሬቻ ክፍል ውስጥ ደብዛዛ ብርሃን ይታያል። ይህ የሚሆነው የሁሉም አምፖሎች መመለሻ አንድ ስለሆነ ነው፤ ያ መመለሻ ሲታፈን ኤሌክትሪኩ በጎረቤት አምፖል ክር በኩል ሌላ መውጫ ይፈልጋል።

መያዣውን ከመብራቱ ጀርባ አዙረው ሲያወጡ አምፖሉን ነቅለው ውስጡን በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱት። ጤናማው መያዣ ከታች ሁለት የሚያብረቀርቁ የመዳብ ምላሶች፣ ከጎን ደግሞ ንጹሕ ብረት ይታይበታል። ውኃ የገባበት መያዣ ላይ እንደ ሻጋታ የተጋገረ አረንጓዴ ዝገት ይኖራል፤ ምላሶቹም አምፖሉ ዓመታት ስለተጫናቸው ተጋድመው፣ ጫፋቸው በእሳት ብልጭታ ጠቁሮ ይገኛል። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትን በቀጭን እንጨት ላይ ጠቅልለው ብረቱ እስኪነጣ ድረስ ያጽዱት፤ ከዚያ ምላሶቹን በትንሽ ካቻቢቴ ጫፍ በጥቂቱ ወደ ላይ ያንሡ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ወይም ጠቁሮ ከተገኘ አንድ ሰው ከተፈቀደው ዋት በላይ የሆነ አምፖል አስገብቶበታል ማለት ስለሆነ መያዣውን መቀየር እንጂ ማጽዳት አይበቃም።

ቀጥሎ የማሳውን ገመድ ተከትለው ከላሜራው ጋር የታሰረበትን ቡሎን ያግኙ። በቶዮታዎች ላይ ይህ ገመድ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት ነው። ቡሎኑን ፈትተው የገመዱን ቀለበትና ከሥሩ ያለውን ላሜራ ቀለሙ ተነሥቶ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ ይፋቁ፤ መልሰው አጥብቀው ካሰሩ በኋላ ከላይ ስስ ግሪስ ይቀቡት።

ሥራው መሳካቱን በግምት ሳይሆን በቴስተር ያረጋግጡ። ባትሪውን መልሰው አገናኝተው፣ መብራቱን አብርተው፣ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ያድርጉ። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በመብራቱ የማሳ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያሳርፉ፤ እስከዚያ የሚደርስ ረጅም ገመድ ከሌለ በኮፈኑ ውስጥ ያለ ቀለም የሌለው ንጹሕ ብረት ይበቃል። የሚነበበው ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ጤናማ ነው። ወደ 1 ቮልት የሚጠጋ ንባብ ካገኙ ከመብራትዎ ሊወጣ የሚገባው ብርሃን በማሳው መስመር ላይ እየባከነ ነው። ክር ያለው አምፖል ብርሃኑ የሚወርደው ከቮልቱ በጣም በባሰ መጠን ነው፤ ቮልቱ በአንድ አሥረኛ ሲቀንስ ብርሃኑ በሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ይህን ሥራ ብቻ ሠርቶ ምንም ዕቃ ሳይገዛ ያቆመ ሰው ቢሆንም መኪናውን በእርግጥ አሻሽሏል።

ሽፋኑ

የኋላ መብራት ቀይ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከአክሪሊክ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ይህ ፕላስቲክ ፀሐይን ይችላል፤ ቤንዚንን፣ የቀለም ማቅጠኛንና አልኮልን ግን አይችልም፤ በእነዚህ የተወለወለ ሽፋን ሳይቆይ እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ያወጣል። ስለዚህ ለማጽዳት ውኃና ሳሙና ብቻ ይጠቀሙ። የአዳማ አቧራ ደቃቅ አሸዋ ስላለበት ደረቅ ጨርቅ ከማሳረፍዎ በፊት በብዙ ውኃ ይለቅለቁት። ገጹ የፈዘዘ ከሆነ ውኃ እያርከፈከፉ በ1000፣ ከዚያ በ1500፣ በመጨረሻም በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሹት፤ እያንዳንዱ ቁጥር የቀደመውን ጭረት እስኪያጠፋ ድረስ መሥራት፣ አቅጣጫውንም በየጊዜው መቀያየር ያስፈልጋል። ሲያልቅ በቀለም ማወልወያ ፖሊሽ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ይጨርሱት።

ከውስጥ ቆሽሾ ከሆነስ? አንዳንዶች መብራቱን በምድጃ አሙቀው ሽፋኑን ይለያዩታል። ይህ ዘዴ የሚያገለግለው በሚለጠጥ ጥቁር ማስቲሽ ለተጣበቁ መብራቶች ነው፤ ብዙዎቹ የኋላ መብራቶች ግን ፕላስቲኩ ከፕላስቲክ ጋር በሙቀት የተበየዱ ስለሆኑ የሚያሙቃቸው ሰው የሚያገኘው የተጣመመ መብራት ነው፤ የሽፋኑም የጀርባውም ፕላስቲክ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳልና። በአምፖሉ ቀዳዳ በኩል ለብ ያለ የሳሙና ውኃ አስገብቶ ነቅንቆ፣ ለቅልቆ፣ ጥላ ሥር አፉን ወደ ታች አድርጎ ማድረቅ የተሻለ ነው። ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ወይም የውስጥ አንጸባራቂው ከተላጠ ያገለገለ ዋና ዕቃ ፈልጎ መለወጥ ይመረጣል፤ ከአዳማ መለዋወጫ ሱቆች ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ መሄድ ያዋጣል። በሽፋኑ ላይ የታተመው ቁጥር ከነባሩ ጋር አንድ መሆኑን ሳያመሳክሩ አይግዙ፤ መልካቸው የሚመሳሰል፣ የአምፖል ቦታቸው ግን የተለያየ የአንድ ሞዴል መብራቶች አሉና።

መልሰው ሲገጥሙ የጎማ ማሸጊያው ከተቀደደ ይለውጡት። ሲሊኮን ካስፈለገ የኮምጣጤ ሽታ የሌለውን ዓይነት ይምረጡ፤ ኮምጣጤ የሚሸተው መዳብንና ብረትን ይበላል። ከመብራቱ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን ፈጽሞ አይድፈኑ፤ የተሠሩት በውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት እንዲወጣባቸው ነው።

ወደ ኤልኢዲ መለወጥ

የኤልኢዲ ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛ፣ ባለ 21 ዋት አምፖል ከባትሪው ወደ 1.75 አምፔር ሲወስድ ደኅና ኤልኢዲ የዚያን ጥቂት እጅ ብቻ ይወስዳል፤ በዚህም ያረጁ ገመዶችና የፍሬን ማብሪያው ያርፋሉ። ሁለተኛ፣ የሚቃጠል ክር ስለሌለው የመንገድ ንዝረትን ይችላል። ሦስተኛውና ዋናው ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። የአምፖል ክር እስኪግል ድረስ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ኤልኢዲ ግን በቅጽበት ይበራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚመጣ ተከታይ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ኮሮላ ርዝመት ይበልጣል።

በገበያ ላይ ያለው ዕቃ ግን ከጥሩ እስከ ከንቱ የተዘረጋ ስለሆነ ምርጫው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀለሙን በተመለከተ ሕጉ ቀላል ነው፤ ከቀይ ሽፋን ጀርባ ቀይ ኤልኢዲ፣ ከብርቱካናማ ሽፋን ጀርባ ብርቱካናማ፣ ከነጭ ሽፋን ጀርባ ለኋላ ማርሽ ነጭ ይገባል። ሻጮች ነጩ ለሁሉም ይሆናል ቢሉም ነጭ ኤልኢዲ በውስጡ ያለው ቀይ ብርሃን ጥቂት ስለሆነ ቀዩ ሽፋን አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ የሚወጣውም ሐምራዊ የሚመስል ደካማ ብርሃን ነው። ነጭ ሽፋን ያለው ፍሬቻ ከሆነ ኤልኢዲው ራሱ ብርቱካናማ ይሁን።

ቅርጹንም ይመልከቱ። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው የሚያብረቀርቅ ሳህን የተሠራው መሀል ላይ ካለ አንድ ነጥብ ዙሪያውን የሚረጭ ብርሃን ለመቀበል ነው። ኤልኢዲዎቹ በጫፉ ብቻ የተደረደሩ ከሆነ መሀሉ ላይ የሚያቃጥል ነጥብ፣ ዙሪያው ግን ጨለማ ይሆናል፤ ከጎን ለሚመጣ ሰውም አይታይም። በጎኖቹ ዙሪያም ኤልኢዲ ያለውን፣ ቁመቱም ከነባሩ አምፖል ጋር የሚቀራረበውን ይምረጡ። በእጅ ሲይዙት ከበድ የሚለው ሙቀት የሚያስወጣ አሉሚኒየም ስላለው አብዛኛውን ጊዜ የተሻለው እርሱ ነው። በአሜሪካ ሥሪት አንዳንድ መኪኖች ላይ ባለ ሁለት ሥራው ቲ20 መያዣ የሽቦ አቀማመጡ ከተለመደው ይለያል፤ ተራውን ኤልኢዲ ሲያስገቡበት ፊውዝ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ፊውዙን በሚበልጥ መለወጥ ወይም በሽቦ መቀጠል ሳይሆን ለዚያ መያዣ የተሠራውን አምፖል መፈለግ ነው መፍትሔው።

ኤልኢዲው ሲገባ ካልበራ፣ ብርጭቆ እግር የነበረው ዓይነት ከሆነ ነቅለው ገልብጠው ይሞክሩት፤ አምፖል የማይጠይቀውን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ኤልኢዲ ይጠይቃል። ከገባ በኋላ ፓርኪንጉን ብቻ አብርተው፣ ከዚያ ፍሬን አስረግጠው ልዩነቱን ይመልከቱ። በርካሽ ዕቃ ላይ የሚያጋጥመው ትልቁ ጉድለት ፓርኪንጉ ከልክ በላይ ደምቆ ስቶፑ ከእርሱ አለመለየቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሳያመነቱ ለሻጩ ይመልሱ።

ፍሬቻውን ሲለውጡ ደግሞ ከወትሮው ፈጥኖ መርገብገብ ይጀምራል። ደንቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ብልጭታ ሲፈቅድ ይህኛው ከዚያ ያልፋል፤ ምክንያቱም ፍሬቻውን እያበራ የሚያጠፋው ነባሩ ሪሌ የሚወሰደው አምፔር ሲያንስ አምፖል የተቃጠለ ስለሚመስለው በፍጥነቱ ያስጠነቅቃል። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። የተለመደው እንደ አምፖሉ ኤሌክትሪክ የሚወስድ ባለ 6 ኦም 50 ዋት ሬዚስተር በእያንዳንዱ ፍሬቻ ላይ ማገናኘት ነው፤ ነገር ግን ይህ ሬዚስተር በሚበራበት ቅጽበት ከ30 ዋት በላይ ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ፕላስቲክን ያቀልጣል፤ የተገኘውንም ቁጠባ መልሶ ይበላል። ሪሌውን ለኤልኢዲ በተሠራ መተካት የበለጠ ንጹሕ ሥራ ነው፤ እኔም የምመክረው ይህን ነው። ሪሌው ዘወትር ከዳሽቦርዱ ሥር ወይም በፊውዝ ሳጥኑ ላይ ስለሚገኝ ፍሬቻውን አብርተው የሚንኳኳውን ድምፅ በጆሮ መከተል ይበቃል፤ አዲሱን ሲገዙ የእግሮቹን ብዛትና አደራደር ያመሳክሩ። መብራታቸው በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዳዲስ መኪኖች ላይ የሚለወጥ ሪሌ ስለሌለ ፍሬቻውን ባለበት መተው ይሻላል።

ሦስተኛው ስቶፕ

በአሜሪካ በኋላ መስኮት ከፍታ ላይ የሚቀመጥ ሦስተኛ የፍሬን መብራት እ.ኤ.አ. ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ለቤት መኪኖች ግዴታ ሆነ፤ የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጥናትም የኋላ ግጭትን በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ከዚያ በፊት የተሠሩ፣ ዛሬም በመንገዶቻችን ላይ ያሉ ኮሮላዎች ይህ መብራት የላቸውም። ጥቅሙ ከሁለት ነገሮች ይመነጫል፤ ፍሬን ካልተያዘ ፈጽሞ ስለማይበራ ከፓርኪንግ ጋር አይምታታም፤ ከፍ ስለሚልም ከመካከል ባለው መኪና መስታወት አልፎ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ተከታይ ይታያል።

ከኋላ መስታወቱ ውስጠኛ ወገን የሚለጠፍ ቀይ የኤልኢዲ መብራት ከመኪናው መሀል መስመር ላይ ይግጠሙ። ዙሪያው በጥቁር ላስቲክ ከመስታወቱ ጋር በደንብ መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ ብርሃኑ በመስታወቱ ላይ አንጸባርቆ በማታ ወደ አሽከርካሪው ዓይን ይመለሳል። የኋላ መስታወቱ ጥቁር ፊልም ካለው ግን መብራቱ ከውጭ፣ በኮፈኑ ክዳን ላይ ይሁን።

የሚገናኝበትን ሽቦ በቀለም አይወስኑ። በኋላ መብራቱ መሰኪያ ላይ ቴስተሩን አድርገው፣ ፓርኪንግ ሲበራ ዜሮ፣ ፍሬቻ ሲሠራ ዜሮ፣ ፍሬን ሲረገጥ ብቻ 12 ቮልት ገደማ የሚያሳየውን ይፈልጉ። ስቶፕና ፍሬቻ አንድ አምፖል በሚጋሩበት መኪና ላይ ይህን የሚያሟላ ሽቦ ከኋላ አይገኝም፤ ከዚያ የተገናኘ ሦስተኛ ስቶፕ ከፍሬቻው ጋር አብሮ ይርገበገባል። እንዲህ ሲሆን መስመሩ ከፔዳሉ በላይ ካለው የፍሬን ማብሪያ መውጫ ይነሣል።

ሽቦውን ልጦ፣ አዲሱን ጠምጥሞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ መተው በአዳማ ሙቀት አይዘልቅም፤ የናስትሮው ሙጫ ቀልጦ ይንሸራተትና ባዶው ሽቦ ላሜራ ይነካል። መጋጠሚያውን በስታኞ በይደው በሚኮማተረው ቱቦ ያልብሱት፤ ናስትሮ ለማሰሪያ ብቻ ይሁን። ከመጋጠሚያው አጠገብ ባለ 2 ወይም 3 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ፤ በአዲሱ ገመድ ላይ አደጋ ቢፈጠር ይህ ትንሽ ፊውዝ ተቃጥሎ ዋናዎቹ ስቶፖች መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ገመዱ በላሜራ ቀዳዳ የሚያልፍ ከሆነ የላስቲክ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ የኤርባግ ምልክት ባለበት የጎን ምሰሶ ልባስ ውስጥ ግን አያሳልፉት።

ስለ ጥቁር ፊልም

ብዙ ወጣቶች የኋላ መብራት ማሻሻል ሲባል በመጀመሪያ የሚያስቡት ጥቁር ፊልም መለጠፍን ወይም ጥቁር ቀለም መርጨትን ነው። መኪናን የማሳመር ፍላጎት የሚነቀፍ አይደለም፤ ይህ ግን መደረግ የለበትም ብዬ አምናለሁ። 35 በመቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ፊልም የስቶፑን ሁለት ሦስተኛ ያህል ያስቀራል። በሽፋኑ ላይ ባለው ቀይ አንጸባራቂ ላይ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ የተከታዩ መኪና ብርሃን ፊልሙን አንድ ጊዜ ሲገባ፣ አንድ ጊዜ ሲመለስ ስለሚያልፈው የሚቀረው 12 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ባትሪው ሞቶ በመተሐራ መንገድ ጠርዝ በሌሊት የቆመን መኪና የሚያሳየው ይህ አንጸባራቂ ብቻ ነው። ለዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራም መብራቶች ስለሚታዩ ፊልሙ በቦሎ ጊዜ መላጡ አይቀርም፤ የተረጨው ቀለም ደግሞ በማቅጠኛ ሲነሣ አክሪሊኩን ይዞት ይሄዳል። መልኩን ለመለወጥ የሚሻ ሰው ለሞዴሉ ከፋብሪካ የወጣውን የኋለኛ ዓመት መብራት ቢፈልግ ዓላማውንም ያገኛል፣ ብርሃኑንም አያጣም።

መፈተን

መኪናውን ቀጥ ባለ ጸጥተኛ መንገድ ላይ አቁመው ሌላ ሰው በመሪው ላይ ያስቀምጡና ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ይራቁ። የመጀመሪያው ፈተና ቀትር ላይ፣ ፀሐይ በሽፋኑ ላይ ፊት ለፊት ስታርፍ ነው፤ ስቶፑ ሲበራና ሲጠፋ በእርግጠኝነት ካልለዩት ለማንም አይታይም። ሁለተኛው ከመሸ በኋላ ነው። ፓርኪንግ በርቶ ሳለ ስቶፕ፣ ስቶፕ በርቶ ሳለ ፍሬቻ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው መታየት አለባቸው። ቀጥሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተራመዱ በሰያፍ ይመልከቱ፤ አንዱ ወገን ከሌላው ከደበዘዘ ወደ ማሳው ይመለሱ። በጨለማ ሲያዩት ዓይን የሚያቃጥል ከሆነም ሥራው አልተጠናቀቀም፤ ከኋላ ያለውን ሰው ያሳወረ መብራት ከፊቱ ያለውን እግረኛ ይሰውርበታል። የሚነጻጸርበት ሲያስፈልግ ያልተነካ የፋብሪካ መብራት ያለውን የጎረቤት መኪና ጎን ለጎን ማቆም ከሁሉም ይቀላል።

የነቀሏቸውን ደኅና አምፖሎች አይጣሏቸው፤ በጨርቅ ጠቅልለው ከአንድ ትርፍ ፊውዝ ጋር በዳሽቦርዱ ኪስ ያስቀምጧቸው፤ ኤልኢዲ በመንገድ ላይ ቢበላሽ በየትኛውም ቦታ ሊገቡ ይችላሉ። ከሳምንት ያህል ጉዞ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ይጨብጧቸው፤ አዲስ ማሸጊያ ሲተኛ ይላላሉና። መኪናው ከታጠበ ወይም የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ከወረደ በኋላም በሽፋኑ ውስጥ ጤዛ መኖሩን ይመልከቱ፤ ጤዛው ፀሐይ ወጥቶ ከቀትር በኋላም ካልጠፋ መብራቱን አውርደው የጎማ ማሸጊያውን ዙሪያ በጣትዎ እየዳሰሱ የተጣጠፈበትን ቦታ ይፈልጉ።